የተሰጠውና የተወሰደው፦ የኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ዘመን ከወለጋ ሲታይ

መግቢያ

ከነቀምቴ ተነሥቶ በጉቶ ጊዳ ወረዳ በኡኬ በኩል ወደ ሰሜን የሚሄደው መንገድ ወደ አንገር ሸለቆ ይወርዳል፤ አንገር ጉትንንና ጊዳ አያናን አልፎም ዓባይን በመሻገር ቡሬ ይደርሳል። በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ በሚገኙ ቀበሌዎች አፋን ኦሮሞና የወሎ አማርኛ ጎን ለጎን ሲነገሩ ኖረዋል። ወሎን ትተው ወደዚህ ሸለቆ ከወረዱት ቤተሰቦች መካከል ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው። እንዴትና በማን ትእዛዝ እንደመጡ ለማወቅ የአንድ የጦር መኮንን የሕይወት ታሪክ መመርመር ግድ ይላል።

ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ኢትዮጵያን በዋና መሪነት ለ14 ዓመታት ገዝተዋል። በሙስሊሙ ማኅበረሰብ ዘንድ ስለ እርሳቸው ሁለት ዓይነት ወሬ አለ። አንዱ ወገን የዒድ ቀናትን የሕዝብ በዓል ያደረገ፣ ሙስሊሙን ከጭሰኝነት ያወጣ መሪ አድርጎ ያስባቸዋል። ሌላው ወገን ልጁን በቀይ ሽብር ወይም በጦር ግንባር ያጣ፣ ወይም ከቀዬው ተነቅሎ በማያውቀው ቆላ የተጣለ ነውና ስማቸውን ያለ ምሬት አያነሣም። ሁለቱም ያዩትን ይናገራሉ። ችግሩ የሚመጣው መምህሩ በክፍል ውስጥ፣ ኢማሙም ከሶላት በኋላ ወጣቶች ከብበውት ሲጠይቁት ከሁለቱ አንዱን መርጦ ሌላውን የዘነጋ እንደሆነ ነው።

ይህ ጽሑፍ በሁለቱ ወሬዎች መካከል እርቅ የማውረድ ዓላማ የለውም። ዓላማው የዘመኑን ድርጊቶች በየቀናቸው አሰልፎ አንድ ጥያቄ መመርመር ነው፦ ደርግ ሰጠ የሚባለው ነገር መጀመሪያ የማን ጥያቄ ነበር፤ ከተሰጠ በኋላስ ምን ሆነ?

ከመሣሪያ ግምጃ ቤት እስከ ሊቀ መንበርነት

መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በ1929 ዓ.ም.፣ አገሪቱ በፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ሥር በነበረችበት ጊዜ ተወለዱ። አባታቸው ኃይለ ማርያም ወልደ አያና ተራ ወታደር ነበሩ። የቤተሰቡ ኑሮ ከታላቁ መኳንንት ከደጃዝማች ከበደ ተሰማ ቤት ጋር የተያያዘ ስለነበር፣ ልጁ ከዝቅተኛው ደረጃ ሆኖ የመሳፍንቱን አኗኗር በቅርብ እያየ አደገ። በለጋነቱ ወደ ሠራዊቱ ገብቶ ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት በመኮንንነት ተመረቀ። በዘመኑ የሐረር ጦር አካዳሚ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ ወጣቶችን መርጦ የሚያሠለጥን ባለ ክብር ተቋም ሲሆን፣ ሆለታ ግን ከተራ ወታደርነት ለሚያድጉ ሰዎች በር የሚከፍት ነበር። ይህ ልዩነት በመኮንኖቹ መካከል የቆየ ቁርሾ ፈጥሮ እንደነበረ የዘመኑን ታሪክ የጻፉ ያስታውሳሉ።

ወጣቱ መኮንን በሐረር በሚገኘው በሦስተኛው ክፍለ ጦር በመሣሪያ ግምጃ ቤት ሙያ ተመደቡ፤ በዚሁ ሙያም አሜሪካ ተልከው ሠለጠኑ። በ1966 ዓ.ም. ማዕረጋቸው ሻለቃ ነበር። በዚያ ዓመት የወሎ ረሃብ ተገለጠ፤ በነገሌ ቦረና ያሉ ወታደሮች በምግብና በውኃ ችግር አመፁ፤ መምህራን፣ ተማሪዎችና የታክሲ ነጂዎች በየበኩላቸው ተነሡ። ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. ከየጦር ክፍሉ የተወከሉ፣ ማዕረጋቸው ከሻለቃ የማይበልጥ 120 ያህል ሰዎች በአዲስ አበባ በአራተኛው ክፍለ ጦር ተሰብስበው አስተባባሪ ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው በኋላ ደርግ በሚለው ስሙ ታወቀ። ሻለቃ መንግሥቱ ከሐረር የተላኩ ተወካይ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በቅደም ተከተሉ ሲታይ አንድ መልክ ይይዛል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ኅዳር 14 ቀን የደርጉ የመጀመሪያ ሊቀ መንበር ሌተና ጄኔራል አማን አንዶም በቤታቸው ተከበው ተገደሉ፤ በዚያው ሌሊት 60 ያህል የቀድሞ ባለሥልጣናትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ሁለተኛው ሊቀ መንበር ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. በቤተ መንግሥት ከሌሎች የደርግ አባላት ጋር ተገደሉ። ከሳምንት በኋላ የካቲት 4 ቀን መንግሥቱ ሊቀ መንበር ሆኑ። በኅዳር 1970 ዓ.ም. ደግሞ ምክትላቸው ሌተና ኮሎኔል አጥናፉ አባተ ተገደሉ። ከየጦር ክፍሉ ተመርጦ የተሰበሰበው ጉባኤ በሦስት ዓመት ከጥቂት ወራት ውስጥ የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ የሚሰማበት ሆነ። በምክክር የተጀመረው ነገር ተቃራኒ ሐሳብ ያቀረበ ሰው በሕይወት በማይቆይበት ሥርዓት ተፈጸመ።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 እና የአዋጁ መልስ

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የኢትዮጵያ ሙስሊሞች አቋም በአንድ አነጋገር ይገለጽ ነበር፤ መንግሥት «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» ይላቸው ነበር። አነጋገሩ ተራ ቢመስልም ሙስሊሙ አገሩ ሌላ የሆነ እንግዳ እንደሆነ ያሰማል። በዓላቱ በመንግሥት የቀን መቁጠሪያ አልነበሩም፤ ሙስሊም ሠራተኛ ዒድ ለመስገድ ፈቃድ መለመን ነበረበት።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ የወጣው ሰልፍ ይህን ሁኔታ በግልጽ ተቃወመ። ከመቶ ሺህ በላይ እንደሚሆን የተገመተው ሕዝብ ሃይማኖትና መንግሥት እንዲለያዩ፣ የሙስሊሙ በዓላት እንዲከበሩ፣ ሙስሊሞች ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ተብለው እንዲጠሩና በሥራም በአስተዳደርም እኩልነት እንዲያገኙ ጠየቀ። በሰልፉ ላይ ክርስቲያን ወገኖች፣ በተለይም ተማሪዎች፣ አብረው መውጣታቸው የቀኑ ታሪክ አካል ነው።

አንባቢው እዚህ ላይ ሁለቱን ቀናት እንዲያስተያይ ይጠየቃል። ሰልፉ የተደረገው በሚያዝያ ነው፤ ደርግ የተቋቋመው በሰኔ ነው። ጥያቄው በሕዝብ አደባባይ ሲቀርብ ደርግ የሚባል አካል ገና አልነበረም። በ1967 ዓ.ም. ዒድ አል ፈጥር፣ ዒድ አል አድሓ እና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆነው ሲታወጁም መንግሥቱ የደርጉ ምክትል እንጂ ሊቀ መንበር አልነበሩም። እንግዲህ በዓላቱን ለሙስሊሙ የሰጡ እርሳቸው ናቸው የሚለው አባባል በቀኖቹ ምስክርነት አይጸናም። መብቱን የጠየቀው ሕዝቡ ነው፤ ጥያቄው ከጎዳና እስኪወጣ ድረስም ሥራውን የሠሩ ዑለማ፣ ነጋዴዎች፣ ተማሪዎችና ስማቸው ያልተጻፈ ብዙ ሰዎች ነበሩ። ደርግ ጥያቄውን ተቀብሎ በአዋጅ መለሰ። ይህም እውነት ስለሆነ ሊካድ አይገባም።

በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ተቋቋመ። የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ቅዱስ ቁርኣንን ወደ አማርኛ ከተረጎሙት ሊቃውንት አንዱ የሆኑት ሐጂ ሙሐመድ ሣኒ ሐቢብ ነበሩ። ሙስሊሙ በመንግሥት ፊት የሚቆምለት አገር አቀፍ ተቋም ሲያገኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ሆኖም ምክር ቤቱ በደርግ ዘመን ሁሉ ሕጋዊ ሰውነቱን የሚያጸና አዋጅ አልነበረውም። የቆመው በመንግሥት በጎ ፈቃድ ነበር። በፈቃድ የቆመ ተቋም ፈቃጁን አይገሥጽም። ዓመታት ሲያልፉ ሥርዓቱ የሐጅ ተጓዦችን ቁጥር ሲገድብ፣ ከውጭ የሚገቡ ሃይማኖታዊ መጻሕፍትን ሲከለክል፣ በትምህርት ቤቶችም ሃይማኖትን የሚያቃልል ርዕዮተ ዓለም እንዲሰጥ ሲያዝ በአደባባይ ለመቃወም የሚያስችል አቅም ያለው አካል አልተገኘም። በሚያዝያ 1966 ዓ.ም. የተደረገውን ዓይነት ሰልፍ ከ1969 ዓ.ም. በኋላ ማድረግ የማይታሰብ ነበር። ደርግ ለጥያቄው መልስ ሰጠ፤ የመጠየቂያውን በር ግን ዘጋው።

መሬት ላራሹ በወለጋ

የመሬት ጉዳይም ይህንኑ መልክ ይዟል። «መሬት ላራሹ» የሚለውን ጥያቄ በአደባባይ ያነሡት በየካቲት 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተሰለፉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። አሥር ዓመት ካለፈ በኋላ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ታወጀ። ጭሰኝነት ቀረ፤ አንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር በይዞታው እንዲያርስ ተፈቀደ፤ ቢያንስ በ800 ሄክታር መሬት ላይ አንድ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ተወሰነ።

በወለጋ የአዋጁን ክብደት ለመረዳት የአካባቢውን ታሪክ ማስታወስ ያስፈልጋል። የነቀምቴው ሞሮዳ በከሬና ልጃቸው ኩምሳ ሞሮዳ፣ በኋላ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር የተባሉት፣ ለአፄ ምኒልክ በሰላም ገብተው ግብር እየከፈሉ የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠብቀዋል። በቄለም ጆቴ ቱሉ፣ በአሶሳም ሼኽ ኾጄሌ አል ሐሰን የየራሳቸው ኃይል ነበራቸው። ዛሬ በነቀምቴ የሚታየው የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት የዚያ ዘመን ቅርስ ነው። ይሁን እንጂ ክብሩ የተጠበቀው ለገዥው ቤት ነበር። መሬት በቀላድ እየተለካ ለባለሥልጣናትና ለባለ ርስት ሲከፋፈል ብዙው አራሽ ጭሰኛ ሆነ፤ ከምርቱ ሲሶውን ወይም እርቦውን እየከፈለ፣ በዚያም ላይ የጉልበት አገልግሎት እየሰጠ ኖረ።

ስለዚህ አዋጁ በወለጋም፣ በጅማም፣ በአርሲም፣ በባሌም በደስታ ተቀባይነት ማግኘቱ አያስደንቅም። በእነዚህ አገሮች ያለው ሙስሊም ገበሬ ሁለት ቀንበር ተሸክሞ ነበር፤ በመሬቱ ጭሰኛ፣ በሃይማኖቱ ደግሞ ባይተዋር ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለቱም ሲነሡለት ያመሰገነውን ሰው ማንም ሊነቅፍ አይችልም። መሃይምነትን ለማጥፋት በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ዘመቻም አፋን ኦሮሞን ጨምሮ በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ፣ በገዛ ቋንቋው ፊደል ለመቁጠር ያልታደለ ብዙ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙን ጻፈ። ለዚህ ዘመቻ በ1980 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ዓለም አቀፍ የትምህርት ሽልማት ተሰጥቷል።

ነገር ግን መሬቱ ከባለ ርስቱ ተወስዶ የገባው በመንግሥት እጅ ነው። ገበሬው ሊሸጠው፣ ሊለውጠው፣ መንግሥት ሲጠይቀውም እምቢ ሊል አይችልም ነበር። የገበሬ ማኅበሩ በመጀመሪያ ዳኝነት የሚታይበትና መሬት የሚከፋፈልበት የገበሬው የራሱ ጉባኤ ነበር። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ግን ለግዳጅ የእህል ኮታ፣ ለመዋጮና ለውትድርና ምልመላ የመንግሥት እጅ ሆነ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅም ለመስጊድ በወቅፍ የተሰጡ የኪራይ ቤቶችን ሳይቀር ወሰደ፤ ከእነዚህ ቤቶች በሚገኝ ገቢ ይተዳደሩ የነበሩ የቁርኣን መምህራን መተዳደሪያ አጡ።

አንዱ እጅ

የታሪክ መምህር የ1968ን ዓመተ ምሕረት በሁለት ዓምድ ቢጽፈው ተማሪው ብዙ ነገር ይገነዘባል። በአንደኛው ዓምድ የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት መቋቋም ይጻፋል። በሁለተኛው ዓምድ፣ በዚያው ዓመት በየካቲት ወር፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ከመንበራቸው ተነሥተው መታሰራቸው ይጻፋል። በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። በዚያው 1971 ዓ.ም. ሐምሌ 21 ቀን፣ በወለጋ ቦጂ የተወለዱት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአዲስ አበባ ጎዳና ታፍነው ተወሰዱ፤ መገደላቸው የታወቀውና አስከሬናቸው የተገኘው ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ ነው። በወለጋም ብዙ የመካነ ኢየሱስ ጸሎት ቤቶች ተዘጉ።

ይህን በእስልምና ጥናት መጽሔት ላይ መጻፍ ከርዕስ መውጣት አይደለም። ለአንዱ ማኅበረሰብ ምክር ቤት የፈቀደው እጅ የሌላውን አባት አስሯል። የተቀበለው ወገን የተከለከለውን ጎረቤቱን ቢረሳ፣ ነገ በእርሱ ላይ የሚደርሰውን ለመመስከር የሚነሣ አያገኝም። በእርሱም ላይ መድረሱ አልቀረም። የአውሳው ሱልጣን አሊ ሚራሕ ሐንፈሬ በ1967 ዓ.ም. በዓላቱ በታወጁበት ዓመት ጦር ዘምቶባቸው ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ተሰደዱ፤ ብዙ አፋሮችም ሞቱ። በግንቦት 1980 ዓ.ም. በኤርትራ በሸዕብ ሙስሊም መንደርተኞች ተጨፈጨፉ፤ በሰኔ ወር በትግራይ ሐውዜን ገበያተኛው በአውሮፕላን ቦምብ አለቀ። ግፉ ሃይማኖት አልመረጠም።

ቀይ ሽብር የሚባለው ዘመን በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በከተሞች የተፈጸመ ነው። ኮሎኔል መንግሥቱ ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የያዙ ጠርሙሶችን ወርውረው ሲሰብሩ የታየው ምስል ዛሬም ከትውልዱ ኅሊና አልጠፋም። ኢሕአፓ በበኩሉ በከተማ ግድያ ፈጽሟል፤ የመንግሥት ምላሽ ግን ቀበሌን ሁሉ ፍርድ ሰጪና ገዳይ አደረገው። የተገደሉት በአሥር ሺዎች ይገመታሉ፤ አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ። አስከሬን በጎዳና ተጥሎ ያድር ነበር፤ ወላጅ የልጁን አስከሬን ለመረከብ የጥይቱን ዋጋ እንዲከፍል የተጠየቀበት ጊዜ ነበር። ማጠብ፣ መገነዝ፣ ሶላተል ጀናዛ መስገድና መቅበር የሕያዋን ግዴታ መሆኑን ለሚያስተምር ኢማም፣ ለቅሶ የተከለከለበት ዘመን ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

ወደ አንገር ሸለቆ

በጳጉሜን 1976 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ ምሥረታና የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በአዲስ አበባ በታላቅ ድምቀት ሲከበር፣ በወሎና በትግራይ ሰው በረሃብ ይሞት ነበር። የበዓሉ ግርግር ካለፈ በኋላ መንግሥት ያቀረበው መፍትሔ ሠፈራ ነው። ዕቅዱ 1.5 ሚሊዮን ሰው ከሰሜን አንሥቶ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ማስፈር ነበር። ከኅዳር 1977 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ተወሰደ፤ አብዛኛው ከወሎ፣ የቀረው ከሸዋና ከትግራይ ነበር። ከተቀባዮቹ ክፍላተ ሀገር ሁሉ ብዙውን የተቀበለው ወለጋ ነው።

በፈቃዳቸው የሄዱ እንደነበሩ መካድ አይገባም፤ በቀዬው ሞት የተፋጠጠ ሰው እህል አለ ወደተባለበት ይሄዳል። ነገር ግን ከገበያ ተከበው፣ ከእርዳታ ጣቢያ ተለቅመው፣ ሚስት ከባሏ ልጅም ከእናቱ ተለይተው የተጫኑ ብዙ ናቸው። ጉዞው በሶቪየት አንቶኖቭ አውሮፕላኖችና በአውቶቡሶች ነበር። በረሃብ የደከመ ሰው በጉዞና በደረሰበት ሥፍራ ሞተ፤ የሟቾቹን ቁጥር ከ50,000 እስከ 100,000 የሚያደርሱ ግምቶች ቀርበዋል፤ መንግሥት ግን አልተቀበላቸውም። ሁኔታውን በይፋ ያጋለጠው የፈረንሳይ የድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን በ1978 ዓ.ም. ከአገር ተባረረ።

የደጋ ወሎ ሰው በአንገርና በዴዴሳ ሸለቆ ያገኘው ሙቀት፣ ወባና የከብት ገንዲ ነበር። በሬ በገንዲ ሲያልቅ እርሻው በትራክተር ሆነ፤ ሥራው የጋራ፣ የቀኑ ድካም በነጥብ የሚመዘገብ፣ ምርቱም በኃላፊዎች የሚከፋፈል ሆነ። ጎጆዎቹን ቀድሞ የሠራው፣ እንጨቱን የተሸከመው፣ እህል ያዋጣው የወለጋ ኦሮሞ ገበሬ ነው፤ እርሱም ስለ ደኑ፣ ስለ ግጦሹና ስለ መሬቱ አልተጠየቀም። ሁለት ሕዝብ፣ አንዱ ከቀዬው ተነቅሎ ሌላው በቀዬው ሳይጠየቅ፣ በአንድ ትእዛዝ ጎረቤት ሆነ።

ይሁን እንጂ ሰው በታዘዘበት ሥፍራም ሰው ሆኖ ኖረ። አንትሮፖሎጂስቱ አሉላ ፓንክረስት በቄለም በኩል በሚገኘው የቄቶ ሠፈራ ኖረው እንዳጠኑት፣ ሠፋሪዎቹ በዕቅዱ ያልተጻፈውን ሕይወት ራሳቸው ሠርተዋል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ወሎዬ እንደ አገሩ ልማድ ለቀብር ተባበረ፤ ቅሬውን አቋቋመ፤ ቡና አፍልቶ ለዱዓ ተሰበሰበ። ከኦሮሞው ጎረቤት ጋርም በገበያ፣ በአበልጅነትና በጋብቻ ተሳሰረ። በተለይ ሙስሊም ኦሮሞ ባለበት አካባቢ መስጊዱ የመጀመሪያው መገናኛ ሥፍራ ሆነ።

ኢብን ኸልዱን በሙቀዲማቸው ግፍ ለአገር መፍረስ ምክንያት መሆኑን ባብራሩበት ምዕራፍ፣ ግፍ ማለት ገንዘብን ያለ ዋጋ መቀማት ብቻ እንዳልሆነ፣ የሰውን ጉልበት በግዳጅ ማሠራት ከታላላቆቹ ግፎች አንዱ መሆኑን ያስረዳሉ። በ1967 ዓ.ም. ከጭሰኝነት የወጣው ገበሬ፣ በ1977 ዓ.ም. የሚኖርበትን ሥፍራና ጉልበቱን የሚያውልበትን ሥራ የመምረጥ ነፃነት አጣ። መሬቱን በአዋጅ ያገኘው፣ ቀዬውን በትእዛዝ አጣ። ሁለቱም ውሳኔዎች ሲወሰኑ እርሱ አልነበረም።

ፍጻሜው

ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ወደ ምሥራቅ ጀርመን በተነሡበት ቀን ጄኔራሎች መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፤ ሳይሳካ ቀረ። ከተያዙት ጄኔራሎች 12ቱ በሚቀጥለው ዓመት ተገደሉ። ሠራዊቱ በገዛ መሪው መኮንኖቹን አጥቶ ይዋጋ ነበር። በ1982 ዓ.ም. ጦርነቱ አሶሳ ሲደርስ በሠፋሪዎች ላይ ግድያ ተፈጸመ። በመጋቢት 1983 ዓ.ም. ማብቂያ ነቀምቴ በኢሕአዴግ ኃይሎች ተያዘች። ግንቦት 13 ቀን መንግሥቱ ወደ ዚምባብዌ ሸሹ፤ ከሳምንት በኋላ አዲስ አበባ ተያዘች። ከሠፋሪዎቹ ብዙዎች በዚያ ክረምትና ከዚያ በኋላ ወደ ወሎ ተመለሱ፤ ሌሎች ግን ልጆቻቸው የተወለዱበትን ሥፍራ አገራችን ብለው ቀሩ።

የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለዓመታት ከቆየ ክርክር በኋላ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱን በሌሉበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ብሎ በጥር ወር ዕድሜ ልክ እስራት ፈረደባቸው። በግንቦት 2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ወደ ሞት ከፍ አደረገው። ፍርዱ አልተፈጸመም፤ እርሳቸውም በሐራሬ ሆነው «ትግላችን» የተሰኘ መጽሐፍ ጽፈዋል።

የወለጋው ሒሳብ ግን በፍርድ ቤት አልተዘጋም። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ ከተገደሉት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ብዙዎቹ በዚያ ዘመን ከወሎ የመጡ ቤተሰቦች ናቸው። በጊዳ አያናና በኪረሙም በቅርቡ ዓመታት አማራውም ኦሮሞውም ተገድሏል፣ ተፈናቅሏል። የዛሬው ገዳይ ኃላፊነት የዛሬው ገዳይ ነው፤ ለአርባ ዓመት በፊት ትእዛዝ ማስተላለፍ አይቻልም። ነገር ግን ሁለቱን ሕዝብ ሳይጠይቅ ያጎራበተው ሥርዓት፣ ሁለቱ የሚተማመኑበት ሕግና የሚመካከሩበት ጉባኤ ሳያቆም መሄዱ የታሪኩ አካል ነው።

መደምደሚያ

ይህ ታሪክ ለመምህሩና ለኢማሙ ሦስት ነገሮችን ያስረዳል።

አንደኛው የቀን ነገር ነው። ሚያዝያ 1966 ከሰኔ 1966 ይቀድማል፤ የካቲት 1957 ከየካቲት 1967 ይቀድማል። ተማሪው እነዚህን ቀናት በቅደም ተከተል ካወቀ ለመብቱ ባለውለታው የአንድ መኮንን ቸርነት አለመሆኑን ራሱ ይደርስበታል። አባቶቹ ጠይቀው ያገኙት መሆኑን ያወቀ ልጅ፣ እርሱም ሕግን ተከትሎ በሰላም መጠየቅ እንደሚገባው ይማራል።

ሁለተኛው የሚዛን ነገር ነው። የበዓላቱና የመሬቱ አዋጅ መልካም ነበር፤ ቀይ ሽብሩና የግዳጅ ሠፈራው ግፍ ነበር። አንዱ ሌላውን አያጠፋም። ለሚጠላው ሰው እንኳ ፍትሕን እንዳያጓድል የታዘዘ ሙእሚን፣ መልካሙን ለመካድም፣ በመልካሙ ስም ግፉን ለመሸፈንም ፈቃድ የለውም።

ሦስተኛው የጎረቤት ነገር ነው። በአንገር ሸለቆ የሚኖር ሙስሊም አስተማሪ በአንድ ክፍል ውስጥ የሠፋሪውንም የነባሩንም ልጅ ያገኛል። የአንዱ አያት ያለ ፈቃዱ መጣ፤ የሌላው አያት ያለ ፈቃዱ ተቀበለ። ሁለቱ ልጆች ይህን አንድ ታሪክ አብረው ከሰሙት፣ አንዱ ወራሪ ሌላው ባለ ቂም ሆኖ ለማደግ የሚያበቃ ምክንያት አያገኙም። አያቶቻቸውን ያልጠየቀው ሥርዓት አልፏል፤ እነርሱን ቁጭ አድርጎ መጠየቅና ማድመጥ ግን ዛሬ በመምህሩ እጅ ነው።